የብር ምንዛሪ ለውጥ በጋሞ አርሶ አደር ጓዳ፦ ወጪው ቀድሞ፣ ገቢው ዘግይቶ

ከላንቴ፣ ከጫኖ ሚሌና ከቆላ ሻራ ቀበሌዎች ሙዝ ጭነው ወደ አዲስ አበባ የሚያቀኑ የጭነት መኪኖች አምስት መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን መንገድ የሚያቋርጡት በዶላር ተገዝቶ በገባ ናፍጣ ነው። መለዋወጫቸውም እንዲሁ ከውጭ የመጣ ነው። ጭነታቸው ግን የሚሸጠው በብር ነው። የአገሪቱ የገንዘብ ፖሊሲ የጋሞ ዞን አርሶ አደርን ጓዳ በምን በኩል እንደሚነካ ከዚህ ጉዞ በላይ በግልጽ የሚያሳይ ነገር የለም።

የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ያደረገው ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ነበር። ከዚያ ወዲህ በአገር አቀፍ ደረጃ የተመዘገቡት ዋና ዋና አኃዞች ተሻሽለዋል። የወጪ ንግድ ገቢ አድጓል፤ የዋጋ ግሽበትም ቀንሷል። በአባያና በጫሞ ሐይቆች ዙሪያ ሙዝ የሚያለማው፣ በጨንቻና በቦንኬ ደጋ ድንችና ገብስ የሚዘራው አርሶ አደር ግን የሚጠይቀው ሌላ ጥያቄ ነው፦ የግሽበት መጠን ከቀነሰ የማምረቻ ወጪ ስለምን ጨመረ? በባንክ የተቀመጠው ገንዘብስ ስለምን የአምናውን ያህል አይገዛም?

ውሳኔው ምን ነበር?

እስከ ሐምሌ 2016 አጋማሽ ድረስ አንድ የአሜሪካ ዶላር በባንክ የሚመነዘረው በ57 ብር ገደማ ነበር። አዲሱ ሥርዓት በተጀመረበት ዕለት ተመኑ ከ74 ብር አለፈ፤ በሳምንታት ውስጥ መቶን ተሻገረ፤ በመስከረም 2018 ደግሞ ከ140 ብር በላይ ደርሷል። ይህም ማለት ከአንድ ዓመት ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ውስጥ ከውጭ የሚገዛን ዕቃ በባንክ ተመን ለማስገባት የሚያስፈልገው ብር ከእጥፍ በላይ ሆኗል ማለት ነው።

ውሳኔው በይፋ በተነገረበት ዕለት የዓለም የገንዘብ ድርጅት በአራት ዓመት ውስጥ የሚለቀቅ 3 ነጥብ 4 ቢሊዮን ዶላር ያጸደቀ ሲሆን፣ የዓለም ባንክም 1 ነጥብ 5 ቢሊዮን ዶላር ፈቅዷል። በዚያው ሐምሌ ወር ብሔራዊ ባንክ 15 በመቶ የሆነ የፖሊሲ ወለድ መጠን ሥራ ላይ አውሏል። ይህ ወለድ ባንኮች ከብሔራዊ ባንክ ጋር ገንዘብ ሲበዳደሩ የሚጠቀሙበት መነሻ ነው። ማዕከላዊው ባንክ ገንዘብ እንዲጠብ ሲፈልግ ከፍ ያደርገዋል፤ እንዲላላ ሲፈልግ ደግሞ ዝቅ ያደርገዋል።

የብር የመግዛት አቅም ሲዳከም ይህ የመጀመሪያው አይደለም። እስከ 1985 ዓ.ም. ድረስ አንድ ዶላር በ2 ብር ከ7 ሳንቲም ይመነዘር ነበር፤ በዚያ ዓመት ወደ 5 ብር ከፍ እንዲል ተደረገ። በጥቅምት 2010 ደግሞ ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ተወስኗል። የአሁኑን ልዩ የሚያደርገው ተመኑን የሚወስነው የመንግሥት ትእዛዝ ሳይሆን የገበያው ፍላጎትና አቅርቦት እንዲሆን መደረጉ ነው።

ግሽበቱ ቀንሶ ወጪው ለምን ጨመረ?

የምንዛሪ ለውጡ ሲታወጅ ብዙዎች የሸቀጥ ዋጋ በአንድ ጊዜ እጥፍ ይሆናል ብለው ሰግተው ነበር። የሆነው ግን ሌላ ነው። በሰኔ 2016 ወደ 20 በመቶ ይጠጋ የነበረው ዓመታዊ የዋጋ ግሽበት ከዓመት በኋላ ከ14 በመቶ በታች ወርዷል።

ለዚህ ዋነኛው ምክንያት ከለውጡ በፊት በነበረው የትይዩ ገበያ ውስጥ ይገኛል። በባንክ 57 ብር የነበረው ዶላር በጥቁር ገበያ ከ110 ብር በላይ ይሸጥ ነበር። አብዛኞቹ አስመጪዎች ዶላር ከባንክ በበቂ ሁኔታ ስለማያገኙ የልብሱን፣ የኤሌክትሮኒክሱንና የቤት ቁሳቁሱን ዋጋ የሚተምኑት በጥቁር ገበያው ሂሳብ ነበር። ስለዚህም የባንኩ ተመን ወደ መቶ ሲወጣ በእነዚህ ዕቃዎች ላይ የተጨመረው አዲስ ነገር ውስን ሆነ። ዋጋቸው ቀድሞውኑ ንሮ ነበርና።

በባንክ ተመን ይገቡ የነበሩት ሸቀጦች ግን የተለዩ ናቸው። ከእነዚህም መካከል ነዳጅ፣ የአፈር ማዳበሪያና መድኃኒት ይገኙበታል። ዶላር በቅድሚያ የሚመደብላቸው፣ በዝቅተኛው ተመን የሚሰሉት እነዚህ ነበሩ። ለውጡ በዋናነት ያረፈውም በእነርሱ ላይ ነው። ለገጠሩ ነዋሪ ደግሞ ነዳጅና ማዳበሪያ ዋነኛ የግዢ ዕቃዎቹ ናቸው። አጠቃላይ የግሽበት አኃዝ ሲቀንስ የአርሶ አደሩ የማምረቻ ወጪ የሚጨምርበት ምስጢር እዚህ ላይ ነው።

የናፍጣን ጉዳይ በአኃዝ ማየት ይቻላል። ከለውጡ በኋላ በመጀመሪያው ማስተካከያ፣ በመስከረም 2017 መጨረሻ፣ የአንድ ሊትር ናፍጣ ዋጋ ከ83 ብር ከ74 ሳንቲም ወደ 90 ብር ከ28 ሳንቲም ከፍ ብሏል። በታኅሣሥ 2017 መጨረሻ ደግሞ 98 ብር ከ98 ሳንቲም ሆኗል፤ ከዚያም በኋላ ተጨማሪ ጭማሪዎች ተከትለዋል። ከአርባ ምንጭ አዲስ አበባ ደርሶ መልስ 250 ሊትር ናፍጣ የሚፈጅ፣ 50 ኩንታል ሙዝ የሚጭን አንድ መኪና ለምሳሌ ቢወሰድ፣ እስከ ታኅሣሥ በነበሩት ሁለት ጭማሪዎች ብቻ የአንድ ጉዞ ወጪ በ3 ሺህ 810 ብር ይጨምራል። ለኩንታል ሲካፈል 76 ብር፣ ለኪሎ ሲካፈል ደግሞ 76 ሳንቲም ይሆናል። መለዋወጫና የጥገና ወጪ ገና አልተካተተም።

ይህን ጭማሪ የሚከፍለው ማን ነው? ሙዝ ከተቆረጠ በኋላ ብዙ አይቆይም። ዋጋ እስኪሻሻል ድረስ በጎተራ አይቀመጥም፤ ደላላው ያቀረበውን ዋጋ ያልተቀበለ አርሶ አደር ምርቱ በእጁ ይበላሻል። በዚህም ምክንያት የማጓጓዣው ጭማሪ በአዲስ አበባ ሸማች ላይ ሙሉ በሙሉ ሳይጨመር ሲቀር፣ ቀሪው የሚቀነሰው ማሳ ላይ ከሚከፈለው ዋጋ ነው።

የማዳበሪያውም ነገር ተመሳሳይ ነው። አንድ ኩንታል ዩሪያ ከውጭ በ40 ዶላር ይገዛል ተብሎ ቢታሰብ፣ በ57 ብር ምንዛሪ 2 ሺህ 280 ብር፣ በ140 ብር ምንዛሪ ደግሞ 5 ሺህ 600 ብር ይመጣል። ከጅቡቲ እስከ ገበሬው መንደር ያለው ማጓጓዣ በዚህ ላይ የሚጨመር ነው። መንግሥት ጫናው በአንድ ጊዜ እንዳይወርድ ድጎማ መድቧል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በኅዳር 2017 ያጸደቀው 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ከተያዘላቸው ጉዳዮች መካከል የማዳበሪያና የነዳጅ ድጎማ ይገኙበታል። ድጎማ ግን ጊዜ ይሰጣል እንጂ ልዩነቱን አያጠፋውም። በየዓመቱ እየቀነሰ በሄደ ቁጥር ልዩነቱ ወደ ገበሬው ይሸጋገራል። በጋሞ ደግሞ የማዳበሪያ ገንዘብ የሚፈለገው በበልግ መግቢያ፣ ያለፈው ምርት ባለቀበትና አዲሱ ባልደረሰበት ወቅት ነው።

ማን ተጠቀመ?

ምንዛሪው ሲለወጥ በመጀመሪያ የሚጠቀመው ምርቱን በዶላር የሚሸጥ ነው። ኢትዮጵያ በ2017 በጀት ዓመት ከቡና ብቻ ከ2 ነጥብ 6 ቢሊዮን ዶላር በላይ አግኝታለች፤ የወርቅ ወጪ ንግድም በከፍተኛ መጠን ጨምሯል። ዘመድ በውጭ አገር ያለው ቤተሰብም ተጠቃሚ ነው። ቀድሞ በባንክ በኩል የተላከለት መቶ ዶላር 5 ሺህ 700 ብር ገደማ ነበር፤ አሁን ከ14 ሺህ ብር በላይ ይሆንለታል። ወደ ነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክና ወደ ዶርዜ መንደር ለሚመጣ የውጭ አገር ጎብኚም አካባቢው በዶላር ሲሰላ ረከስ ብሎታል፤ ይህም ለአስጎብኚውና ለእንግዳ ማረፊያ ባለቤቱ ዕድል ነው።

ሙዝ፣ ማንጎ፣ የጨንቻ አፕልና ድንች ግን በአብዛኛው የሚሸጡት በአገር ውስጥ ገበያ ነው። ገዢያቸው ደመወዙን በብር የሚቀበል የአዲስ አበባ፣ የሐዋሳና የአርባ ምንጭ ነዋሪ ነው። የዚህ ገዢ ኪስ ካልሰፋ የፍራፍሬው ዋጋ ከዶላሩ ጋር እኩል አይራመድም። በአንጻሩ ከውጭ የሚመጣ አፕል በብር ሲሰላ ስለሚወደድ የጨንቻው አፕል የመወዳደር ዕድሉ ይሻሻላል። ሆኖም የተከለ ሁሉ ወዲያው አይለቅምም። የተዳቀለ የአፕል ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ሸማኔውም በሁለቱ መካከል ይገኛል። የዶርዜ ሸማኔዎች በጨንቻም ሆነ በአዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ የሚሠሩት ነጠላ፣ ጋቢና ድንጉዛ ለውጭ አገር ገዢ ሲደርስ ዶላር ያስገኛል። ከውጭ የሚገባ ባለቀለም ክር የሚጠቀም ሸማኔ ግን ጥሬ ዕቃውን የሚገዛው በተወደደው ምንዛሪ ነው። ዶላሩ በእጁ የሚገባው ላኪው ነጋዴ ሲሆን፣ የክሩ ወጪ ደግሞ የሸማኔው ነው።

የግሽበት መቀነስ ለአርሶ አደሩ ሁለት ገጽታ ያለው መሆኑም ብዙ ጊዜ አይነገርም። የምግብ ዋጋ ዕድገት ሲገታ የከተማው ሸማች እፎይ ይላል። ያ የምግብ ዋጋ ግን በሌላ ጎኑ የገበሬው ገቢ ነው። የሚሸጠው ምርት ዋጋ ቀስ እያለ፣ የሚገዛው ግብዓት ዋጋ እየፈጠነ ከሄደ፣ አርሶ አደሩ የአምናውን ያህል አምርቶ ከአምናው ያነሰ ይቀረዋል።

የመስቀል ገንዘብ፣ እቁብና እንሰት

በጋሞ ዓመቱን ሙሉ የሚቆጠበው ገንዘብ ትልቁ መዳረሻ የመስቀል በዓል ነው። በአዲስ አበባ የሚኖረው ሸማኔ ለመስቀል ወደ ቀዬው ይመለሳል፤ ቤተሰቡ ለበሬ ቅርጫና ለቅቤ ጥቂት በጥቂት ሲያስቀምጥ ይከርማል። የገንዘብ ፖሊሲ ትርጉም ለእያንዳንዱ ቤት የሚገለጠውም በዚህ ቁጠባ ላይ ነው።

ባንኮች ለቁጠባ የሚከፍሉት ዝቅተኛው ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ያለው በ2010 ዓ.ም. ነበር። አንድ ቤተሰብ ለቅርጫ ድርሻው 10 ሺህ ብር በዚህ ወለድ ቢያስቀምጥ ከዓመት በኋላ 10 ሺህ 700 ብር ያገኛል። ግሽበቱ 20 በመቶ በነበረበት ጊዜ ግን አምና በ10 ሺህ ብር የተገኘው ድርሻ ዘንድሮ 12 ሺህ ይጠይቃል፤ የ1 ሺህ 300 ብር ጉድለት ይፈጠራል። ግሽበቱ 14 በመቶ ቢሆን ደግሞ 11 ሺህ 400 ብር ስለሚያስፈልግ ጉድለቱ ወደ 700 ብር ይወርዳል። ግሽበቱ ቀነሰ ማለት ዋጋ ወረደ ማለት ሳይሆን የዋጋው ግስጋሴ ዘገየ ማለት መሆኑ ከዚህ ይታያል። ቆጣቢው አሁንም እየከሰረ ነው፤ ኪሳራው ግን ጠቧል።

እቁብም ከዚህ ሕግ አያመልጥም። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር አንድ አንድ ሺህ ብር ቢጥሉ እያንዳንዱ በተራው 12 ሺህ ብር ይወስዳል። በመጀመሪያው ወር የወጣለት ሰው የዚያን ዕለቱን ዋጋ ይገዛበታል። ግሽበቱ 20 በመቶ ከሆነ ግን በዓመቱ መጨረሻ የሚደርሰው አባል 12 ሺህ ብሩ የሚገዛለት በመጀመሪያ 10 ሺህ ብር የሚገዛውን ያህል ብቻ ነው። የዕጣው ተራ ራሱ ትርፍና ኪሳራ ሆነ ማለት ነው። ማዳበሪያ ወይም ችግኝ መግዛት ላለበት አባል ቀደም ያለውን ዕጣ መስጠት፣ ወይም ዕጣው የሚወጣበትን ጊዜ ከእርሻው ወቅት ጋር ማስማማት በአባላቱ እጅ ያለ መፍትሔ ነው።

የደጋው ጋሞ አባወራ ከጥንት ጀምሮ የሚተማመንበት ሌላ ቁጠባ አለው። እንሰት ለመድረስ ዓመታትን ይፈጃል፤ በጓሮ ቆሞ በየዓመቱ ይወፍራል፤ የሚያዳብረውም ከበረት የወጣ ፍግ እንጂ ከጅቡቲ የመጣ ዩሪያ አይደለም። የብር ዋጋ ቢወርድ እንሰቱ የሚያበላው ሰው ቁጥር አይቀንስም። ከብትም እንዲሁ ዋጋው ከገበያው ጋር ይጨምራል። ይህ ማለት ገንዘብን ከባንክ ማራቅ ይሻላል ማለት አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጀመሪያ የብር ኖቶች ሲቀየሩ እንደታየው በቤት የተቀመጠ ጥሬ ገንዘብ የራሱ አደጋ አለው። ትምህርቱ ሀብትን አንድ ቦታ አለማከማቸት፣ ለረጅም ጊዜ የማይነካ ገንዘብ ካለ ደግሞ በተራ ቁጠባ ፈንታ ከፍ ያለ ወለድ ያለውን የጊዜ ገደብ ተቀማጭ ማነጻጸር ነው።

ብድሩ ለማን ይደርሳል?

ብሔራዊ ባንክ ግሽበትን ለመግታት ከተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ሁሉ ጠንካራው የብድር ዕድገት ጣሪያ ነበር። በነሐሴ 2015 የባንኮች ብድር በዓመት ከ14 በመቶ በላይ እንዳያድግ ተገደበ። ጣሪያው በኋላ ወደ 18፣ በመስከረም 2018 ደግሞ ወደ 24 በመቶ ከፍ ተደርጓል። ዋጋ በዓመት ከ14 በመቶ በላይ ሲጨምር በነበረበት ጊዜ ብድር በ14 በመቶ ብቻ ማደጉ፣ በተጨባጭ ሲለካ የብድሩ መጠን መቀነሱን ያመለክታል።

ጣሪያ ሲበጅ ለሁሉም እኩል አይደርስም። የሚያበድረው ገንዘብ የተወሰነበት ባንክ ቅድሚያ የሚሰጠው ትልቅ ዋስትና ላለው፣ በጥቂት ወራት ሸጦ ለሚመልስና አንዱ ፋይል ብዙ ብር ለሚያስወጣ ተበዳሪ ነው። በግማሽ ሄክታር ሙዝ የሚያለማ አርሶ አደር ከእነዚህ መመዘኛዎች አንዱንም አያሟላም። በመሆኑም የግሽበት ልጓሙ ሲሳብ ቀድሞ የሚቆመው በወረፋው መጨረሻ ያለው ነው።

በሕግ ረገድ በር ተከፍቷል። የተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና መብት አዋጅ ቁጥር 1147/2011 ከብት፣ የእርሻ መሣሪያና ምርት ለብድር መያዣ የሚሆኑበትን መንገድ ዘርግቷል። የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324/2016 ደግሞ ባለይዞታው የመሬት የመጠቀም መብቱን ለብድር ዋስትና እንዲያቀርብ ይፈቅዳል። የይዞታ ማረጋገጫ ደብተሩ በሣጥን ተቆልፎ ለሚገኝ አርሶ አደር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። ጥንቃቄም ያስፈልገዋል፤ ብድሩ ሳይከፈል ሲቀር ለተወሰነ ዘመን ከእጅ የሚወጣው ቤተሰቡ የሚኖርበት ማሳ የመጠቀም መብት ነውና።

ከዋስትናው እኩል የሚያስቸግረው የብድሩ ዕድሜ ነው። ሙዝ ተተክሎ የመጀመሪያውን ዘለላ እስኪሰጥ አንድ ዓመትና ከዚያ በላይ ይወስዳል። በየወሩ ወይም በጥቂት ወራት ውስጥ ተመላሽ የሚሆን ብድር፣ በስልክ የሚገኘውን አነስተኛ ብድር ጨምሮ፣ ለሸቀጥ ንግድ ይመች ይሆናል፤ ለአዲስ ተካይ ግን ገና ያላፈራ ተክል ይዞ ክፍያ ይጀምራል ማለት ነው። ለረጅም ዓመታት በማይክሮፋይናንስነት የደቡብን አርሶ አደር ሲያበድር ቆይቶ ወደ ባንክነት ያደገው ኦሞ ባንክም ሆነ የገንዘብ ቁጠባና ብድር ሕብረት ሥራ ማኅበራት፣ የክፍያ ጊዜውን ከሰብሉ የመድረሻ ጊዜ ጋር ሲያጣጥሙ ነው ብድሩ ሀብት የሚፈጥረው።

ከተማውና ገጠሩ በአንድ ገበያ

የአርባ ምንጭ ነዋሪም ከዚህ ውጭ አይደለም። ዘይት፣ መድኃኒትና የባጃጅ ክፍያ የምንዛሪውን ለውጥ ተከትለው ይንቀሳቀሳሉ። ለመንግሥት ሠራተኛው ግን ማካካሻ ተደርጓል። ዝቅተኛው ደመወዝ ከ1 ሺህ 500 ብር ወደ 4 ሺህ 760 ብር፣ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ደግሞ ወደ 6 ሺህ ብር ከፍ ብሏል። በግል ተቋም ተቀጥሮ የሚሠራው፣ የቀን ሠራተኛውና አርሶ አደሩ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይጠብቁም፤ የእነርሱ ጭማሪ የሚመጣው ከገበያው ነው።

ይሁን እንጂ የሠራተኛው ደመወዝ ማደግ ለገበሬውም ይተርፋል። በሲቀላና በሴቻ ገበያ ሙዝ፣ ድንችና ቆጮ የሚገዛው እርሱ ነውና። ገንዘቡ ከከተማ ወደ ገጠር የሚፈሰው ግን በመካከል ያሉት እጆች ሲያንሱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንዲሉ፣ ምርትን በሕብረት ሥራ ማኅበር ሰብስቦ መኪና በጋራ የሚከራይ አርሶ አደር የናፍጣውን ጭማሪ ከደላላው ጋር ይደራደርበታል፤ ለየብቻ የሚሸጠው ግን የተነገረውን ዋጋ ይቀበላል።

መመዘኛው የሚመጣው በልግ ነው

አገሪቱ የምንዛሪ ሥርዓቷን የለወጠችው በቂ ምክንያት ስለነበራት ነው። ሁለት የዶላር ዋጋ ያለበት ገበያ ላኪውን የሚቀጣ፣ በዝቅተኛው ተመን ዶላር ያገኘውን ጥቂት ሰው የሚያበለጽግ ነበር። የብድር ጣሪያውም ቢሆን ዋጋው ሠላሳ በመቶና ከዚያ በላይ ሲያሻቅብበት የነበረውን ዘመን ላለመመለስ የተወሰደ መድኃኒት ነው። ችግሩ መድኃኒቱ የሚመርረው ለሁሉም እኩል አለመሆኑ ነው። ወጪው ወደ ጋሞ ማሳ የሚደርሰው በወራት ውስጥ በነዳጅ ማደያና በማዳበሪያ መጋዘን በኩል ነው። ጥቅሙ ግን በወጪ ንግድ፣ በብድርና በአዲስ ኢንቨስትመንት በኩል ዞሮ ለመምጣት ዓመታትን ይጠይቃል። በሁለቱ መካከል ያለውን ጊዜ ያለ ደመወዝ ጭማሪና ያለ ዋስትና የሚሻገረው አነስተኛው አርሶ አደር ነው።

ስለዚህ የፖሊሲው ውጤት በዚህ ዞን የሚመዘነው በምንዛሪ ሰሌዳ ላይ በሚነበበው ቁጥር ብቻ አይሆንም። በመጪው በልግ መግቢያ አንድ ኩንታል ማዳበሪያ ለመግዛት ስንት ኪሎ ሙዝ ወይም ስንት ኪሎ ድንች መሸጥ እንደሚያስፈልግ፣ ከ18 ወደ 24 በመቶ ከፍ ካለው የብድር ጣሪያም ምን ያህሉ የይዞታ ደብተሩን ይዞ ለሚመጣ ገበሬ እንደሚደርስ መታየት አለበት። እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ከአምናው ጋር የሚያነጻጽር ማንኛውም አባወራ የገንዘብ ፖሊሲው በቤቱ ላይ ያደረገውን በራሱ ሂሳብ ያውቀዋል፤ ለመሪዎቹና ለባንኮቹ የሚያቀርበው ጥያቄም ከዚያ ይጀምራል።